ሳልመርቀው የወጣው ልጄ

ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ጥቂት ቦታ ላይ አጥሮ ከዚህ በታች ቀርቧል።

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምልክልዎ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ከምትገኝ ቀበሌ ነው። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የምናገረውን የሚጽፍልኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሹ ልጄ ነው። የበኩር ልጄ 21 ዓመቱ ነው። በጥቅምት መጨረሻ፣ ገብሳችን ሊታጨድ ሲል፣ መከላከያ ለመግባት ተመዝግቤያለሁ ብሎ ነገረን። አባቱ ዝም አለ። እኔ ግን እንዲቀር ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻም ተቆጣሁ። ‹እማዬ፣ መርቂኝ› ሲለኝ ‹ከሄድክ ምርቃቴን አትጠብቅ› አልኩት። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወጣ። የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት ነቅቼ ነበር፤ ሰምቼ ግን አልተነሣሁም።

ከሄደ ወር አልፎታል። ሥልጠናው ቆላ አገር ነው፣ ስልክም መያዝ አይፈቀድም አሉን። አንድ ጊዜ ብቻ በሰው ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ስሰማ ሳግ ያዘኝና አንድም ቃል ሳልናገር ተቋረጠ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ንጋት ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ ነጋሪ የመጣ ይመስለኛል። የሚለብሰውን ባና አጥፌ መደቡ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ታናሹ በርዶኝ ነው ብሎ ሊወስደው ሲል ተቆጣሁት፤ የልጄ ጠረን እንዲለቀው አልፈልግም። የደም ግፊት መድኃኒቴን አንዳንድ ቀን እረሳዋለሁ። የነቢያትን ጾም ስለ ልጄ ብዬ እስከ ማታ እህል ሳልቀምስ እውላለሁ። ከጎረቤት አንዱ ‹ጀግና ወለድሽ› ይለኛል፣ ሌላው አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል። ባለቤቴ ስለ ልጁ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ ልቡ ድንጋይ ሆኖብኛል። አንድ ቀን ብቻ የራሱንና የልጁን ማጭድ ጎን ለጎን አድርጎ ሲስል አየሁት፤ አጫጁ በሌለበት ምን ሊያደርግለት ነው ብዬ ተናደድኩ። ሳልመርቀው በመሄዱ ክፉ ያገኘው ይሆን? ደግሞ ቢደውል ምን ልበለው? ይህን ጊዜስ እንዴት አድርጌ ልለፈው?

ሆዷ የባባ እናት፣ ከመንዝ»

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንቅልፍ የነሣዎትን ጥያቄ ልመልስ፤ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሌላው ምክር ሁሉ ወደ ልብዎ የሚደርስ አይመስለኝም። ልጅዎን አልረገሙትም። በእኛ አገር እርግማን ምን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ታስቦበት፣ ክፉ ተመኝተው የሚናገሩት ቃል ነው። «ከሄድክ ምርቃቴን አትጠብቅ» የሚለው ግን «አትሂድብኝ» ማለቱ አልበቃ ያለው አንደበት በጨነቀው ሰዓት ያወጣው ቃል ነው። የልጅዎ ሕይወት በዚያች አንዲት የቁጣ ቃል ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ልጅዎም ቃሉን እንደ እርግማን እንዳልወሰደው ከራስዎ ደብዳቤ ማስረጃ ላቅርብልዎ። ሠልጣኞች ስልክ መያዝ አይፈቀድላቸውም ብለዋል፤ ልጅዎ የደወለው በሰው ስልክ ነው። እንግዲያው የቤቱን ቁጥር በቃሉ ይዞት ነበር ማለት ነው። ያገኘውን የመጀመሪያ አጋጣሚ የተጠቀመበትም ወደ እርስዎ ለመደወል ነው። እናቱን የተቀየመ ልጅ እንዲህ አያደርግም። የደወለው «መርቂኝ» ያለበት ጥያቄ ገና ስላልተመለሰለት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ጥያቄውንም ዛሬ ሊመልሱለት ይችላሉ።

ምርቃት የግድ ፊት ለፊት መሆን የለበትም። አረብ አገር ያለች ልጁን ቡና ሲፈላ እጁን ዘርግቶ የሚመርቅ አባት በየመንደሩ አለ። ስለዚህ ነገ ንጋት ላይ፣ ልጅዎ በወጣበት ሰዓት፣ ያን ጊዜ ያልተነሡበትን መኝታ ትተው ይነሡ፤ መቀርቀሪያውን ራስዎ ይክፈቱ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ድምፅዎን አውጥተው ይመርቁት። እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ በወጣህበት በር በደኅና ግባ ይበሉት። ባለቤትዎም አጠገብዎ ቢቆሙ መልካም ነው፤ ባይቆሙም ብቻዎን ያድርጉት። በልብዎ ብቻ ከሚሉት ይልቅ በድምፅ እንዲያወጡት የምመክርዎ፣ ያ የቁጣ ቃል በድምፅ የወጣ ስለሆነ እርስዎን ራስዎን የሚያሳርፍዎትም በድምፅ የወጣ ቃል ስለሆነ ነው። ጸጸቱ ከዚያ በኋላም ካልለቀቀዎ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ ለብቻዎ ተሸክመውት አይዙሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልንገርዎ። ምርቃቱን ልጅዎ እንዳይታመም ወይም እንዳይቆስል የሚያደርግ ዋስትና አድርገው አይያዙት። እንዲህ ከያዙት ልጅዎ ጉንፋን በያዘው ቁጥር «አልደረሰለትም» እያሉ ራስዎን መክሰስ ይጀምራሉ። ምርቃት አንድ ልጅ በሄደበት ሁሉ እናቱ ከእሱ ጋር መሆኗን የሚያውቅበት ቃል ነው። ልጅዎ የጠየቀውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ ምንጭ ልግባ። ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ቤተ ዘመድ እየመጣ አብሮን ያለቅሳል፤ ከዚያም አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቀጥላል። ሐዘኑ መንገድ አለው፤ ሐዘንተኛውም በዚያ መንገድ እየተመራ ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ወታደር ሲሸኝም ፉከራና ቀረርቶ አለ። ከሽኝቱ በኋላ ባለው ሌሊት፣ የአንድ ሰው መኝታ ባዶ በሆነበት ቤት ውስጥ ለምትቀመጥ እናት ግን የተሠራ ሥርዓት የለንም። ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አይላትም፤ ማንም ቡና ይዞ አይመጣም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው ስለሚባል እንባዋን እንኳ ጓዳ ገብታ ታፈስሰዋለች። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቁ የአሜሪካ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ከተረዱት ነገር አንዱ ይህ ነበር፤ ሰው ከቤት ጠፍቶ ከልብ ሳይወጣ ሲቀር የሚመጣው ሕመም መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው ከተራ ሐዘን ይልቅ ያደክማል። የእርስዎ ልጅ ምስጋና ለፈጣሪ አልጠፋም፣ ያለበትም ይታወቃል። ሆኖም እርስዎ የሚሰማዎ ድካም የዚያው ዘር ነው፤ የእምነት ማነስም፣ የደካማ ሴት ጠባይም አይደለም።

ስለዚህ ሥርዓቱን ራስዎ እንዲሠሩት እመክርዎታለሁ። ልጆቻቸው ወታደር የሆኑባቸው እናቶች በቀበሌዎ ወይም በማኅበርዎ ውስጥ አይጠፉም። ሁለቱን ወይም ሦስቱን በሳምንት አንድ ቀን ቡና ይጥሯቸው። እንባ ከመጣ ይምጣ። የሄደ ልጅን ስም ጠርቶ፣ ልጅነቱን አንሥቶ፣ ናፈቀኝ ብሎ ማልቀስ ሟርት አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በቤታችን ስላየሁት ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠሩ ጀመር፤ ታላቅ ወንድሜም በ1977 ዓ.ም. ተወሰደ። ሁለቱ ዓመት ስድስት ዓመት ሆነ። እናታችን «ሆድ ይፍጀው» ብላ በቤቱ ውስጥ ስሙ እንዳይነሣ አደረገች፤ አንሥተን እንደሆነ ከአጠገባችን ተነሥታ ትሄድ ነበር። ደብዳቤ ስናጽፍለትም «ሁላችንም ደኅና ነን፣ ስለ እኛ አታስብ» ከማለት አናልፍም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ ወንድሜ በሰኔ ወር ከስቶና ጠቁሮ በእግሩ መጣ። እናቴ አገላብጣ ስትስመው ዋለች። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ግን ወንድሜ «በቅሎዋስ?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርሳችን ተያየን። በቅሎዋ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ማናችንም ልንነግረው አስበን አናውቅም። እሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያችን ቤት ከነበቅሎዋ በልቡ ይዟት ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ እሱና እናቴ እንደገና ለመላመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ፍቅር ጎድሎ አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተነገረው ነገር መካከላቸው ስለቆመ ነው።

የእርስዎ ልጅ በአዋጅ የተወሰደ አይደለም፤ 21 ዓመት የሞላው፣ አስቦ የወሰነ ሰው ነው። ይህ ለእርስዎ ሌላ ሕመም እንደሆነ ይገባኛል፤ ልጄን ወሰዱብኝ ብዬ ሌላውን ልውቀስ ቢሉ የሚወቀስ የለም፤ የሄደው በራሱ እግር ነው። ከእንባዎ አንዱ ክፍል ለአደጋው ሳይሆን ቃልዎን ሰምቶ ይቀር የነበረው ልጅ አሁን ሰምቶ የማይቀር ሰው ስለመሆኑ የሚፈስ ይመስለኛል። ይህ እንባ ሚስት አግብቶ ጎጆ ቢወጣም በመጠኑ ይፈስ ነበር። ውሳኔውን እንዲወዱለት አልጠይቅዎትም። ውሳኔው የእሱ መሆኑን ግን ሊቀበሉለት ይገባል፤ ካልተቀበሉት ስልክ በደወለ ቁጥር ክርክሩ እንደገና ይነሣል፤ ያችን የሁለት ደቂቃ ጊዜ ለክርክር ማዋል ደግሞ ያሳዝናል።

ስለ ስልኩ እንነጋገር። በመጀመሪያ፣ ዝም ማለቱን እንደ ክፉ ምልክት አይቁጠሩት። በሥልጠና ላይ ያለ ሰው ዝም የሚለው ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። ሲደውል ግን መስመሩ መቼ እንደሚቋረጥ ስለማይታወቅ ምርቃቱን ከሰላምታም አስቀድመው ይበሉት፤ «መርቄሃለሁ፣ ያን ጊዜ ያልኩት ከጭንቀት ነው» የምትለው ቃል ለመናገር ከአሥር ሰከንድ በላይ አትወስድም። ቃሉን አሁኑኑ ደጋግመው ይለማመዱት፤ ሳግ ሲይዝም አንደበት የለመደውን አይረሳምና። እንባው ከመጣም አይደንግጡ፤ «የማለቅሰው ናፍቀኸኝ እንጂ አዝኜብህ አይደለም» ካሉት ይበቃዋል። ከዚያ የቤቱን ወሬ ይንገሩት። ገብሱ ስንት ኩንታል እንደገባ፣ የትኛዋ በግ እንደወለደች፣ ውርጩ ባቄላውን እንደመታው ወይም እንዳልመታው፣ ማን እንዳገባ ይንገሩት። ክፉም ወሬ ቢሆን ተራው የኑሮ ክፉ ከሆነ አይደብቁት፤ የእኛን በቅሎ ያስታውሱ። እሱን ሲጠይቁት ደግሞ ሊመልሰው የሚችለውን ይጠይቁት። የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚንቀሳቀሱ ወታደር ለቤተሰብ እንዲናገር አይፈቀድለትም፤ ሲጠይቁት ወይ ይዋሻል ወይ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ያስጨንቅዎታል። እግሩ በጫማው ቆስሎ እንደሆነ፣ ምግቡ ተስማምቶት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ጓደኛው ማን እንደሆነ ይጠይቁት። የጓደኛውን ስም ይያዙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስሙን ጠርተው «እገሌስ ደኅና ነው?» ሲሉት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያያሉ።

በሐሳብ ውስጥ ናፍቆትና ሥጋት ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፤ ሊለዩዋቸው ይሞክሩ። ናፍቆት ለልጅዎ የሚደርስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ምርቃት ይሆናል፣ መልእክት ይሆናል፣ ሰው ሲገኝ የሚላክ በሶና ቆሎ ይሆናል። ሥጋት ግን አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ዘንድ ቀርቶ እርስዎን ብቻ ይበላል። ከሥጋቶቹም መካከል አንዳንዱ የሚያዝበት ጆሮ አለው፤ ያን ፈልገው ይያዙት። ለምሳሌ ልጅዎ ወደ ቆላ ነው የወረደው። የመሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው። ስለዚህ የመንዝ ልጅ ሰውነት ወባን አያውቃትም፤ ስትይዘውም ልትጠናበት ትችላለች። ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም፣ መፍትሔም አለው፤ «ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ ብርድ መትቶኝ ነው ብለህ አትተኛ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመር፤ መድኃኒቱንም ጀምረህ አታቋርጥ፤ አጎበር ካላችሁ ከሥሩ ተኛ» ይበሉት። ይህን ከነገሩት በኋላ ያ ሥጋት ሥራውን ጨርሷል። «ጦርነት ቢነሣስ? ወዴት ይልኩት ይሆን?» የሚለው ግን እርስዎም እሱም የምትይዙበት ጆሮ የለውም። ይህኛው ሲመጣ በጸሎት አስረክበው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ሌሊት ተመልሶ ይመጣል፤ ደግመው ያስረክቡ። በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

የንጋቱ በር መንኳኳት አንጀቴን ነክቶታል። መርዶ በንጋት የሚነገርበት አገር ሰው ስለሆንን በማለዳ የሚመጣን ሰው ሁሉ መፍራትዎ አይገርመኝም። ይህ ግን በቀላሉ ሊቃለል ይችላል፤ ለጎረቤቶችዎና ለዘመዶችዎ በግልጽ ይንገሯቸው። «ማለዳ የምትመጡ ከሆነ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ ስማችሁን ተናገሩና ‹ለደኅና ነው› በሉ» ይበሏቸው። የሚከለክልዎት ሰው የለም፤ ይልቁንም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ስላላሰቡት ያዝናሉ።

በስልክ የሚዘዋወረውን የውጊያ ምስል አይመልከቱ፤ የጎረቤት ልጅ «ይኸው እዪ» ብሎ ቢያመጣልዎትም እምቢ ይበሉ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት፣ መዘዞና ሞላሌ ደርሶ በነበረበት ጊዜ መንዝ ውስጥ ወሬ ብቻውን ምን ያህል ሰው እንዳሸበረ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያስታውሱታል። ዜና መስማት ካስፈለገዎ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያም ከምሽት በፊት ይሁን።

ስለ ጎረቤት አነጋገር የምለው ጥቂት ነው። ጊዜው ለሰሜን ሸዋ ሕዝብ እጅግ ከባድ ነው፤ የአንዱ ቤት ልጅ ወዲህ፣ የሌላው ወዲያ የሆነበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የሚመርቅዎም የሚያልፍዎም የየራሱ ቁስል አለው። «ጀግና ወለድሽ» ለሚለውም ሆነ ፊቱን ለሚያዞረው የልጅዎን ውሳኔ የማስረዳት ዕዳ የለብዎትም። «ልጄ ነው፣ በደኅና ይመልስልኝ፤ የእናንተንም ይጠብቅላችሁ» ብለው ይለፉ። ይህን ቃል ሰምቶ የሚጣላዎ ሰው አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለቤትዎን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር አልስማማም፤ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያዩትን ነገር የተረዱት አይመስለኝም። አንድ አባት ሞረዱን ይዞ ተቀምጦ፣ ልጁ ትቶት ሩቅ አገር የሄደውን ማጭድ ጥርስ በጥርስ ሲስል ልቡ ድንጋይ አይደለም። እርስዎ ባናውን አጥፈው መደቡ ላይ አኖሩ፤ እሳቸው ማጭዱን ስለው ሰቀሉ። ሁለታችሁም ያደረጋችሁት አንድ ነገር ነው። በአካባቢያችን ወንድ ልጅ «አባትህ ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው የለም ይላል፤ ሐዘኑ ግን በእጅ ይወጣል፣ በአጥር ጥገና ይወጣል፣ ከብት ፍለጋ እየተባለ በሚኬድ መንገድ ይወጣል። «ለምን አታወራም?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ይህ ጥያቄ ዝም ያለን ሰው ይብሱን ይዘጋዋል። ማታ አጠገባቸው ይቀመጡና «የልጃችንን ማጭድ ስትስል አየሁህ፤ ደስ አለኝ» ይበሏቸው። ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሱ የዚያን ቀን ባይመጣም ይመጣል።

አሁን ስለ ሰውነትዎ። የደም ግፊት መድኃኒት ራስ ምታት ሲሰማ የሚወሰድ፣ ደኅና ሲሆኑ የሚተው አይደለም፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወሰዳል። መርሳት የሚያስቸግር ከሆነ ከዳዊቱ ወይም ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ያኑሩትና ከጸሎት ጋር ያያይዙት። ጾሙን በተመለከተ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሕመምዎን ለነፍስ አባትዎ ሳይነግሩ ሰዓቱን በራስዎ ማራዘም አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደ አቅሙ እንደምትፈቅድ እሳቸው ይነግሩዎታል። ጾሙ የሚፈታው ማታ ስለሆነ ቡናውም ወደ ማታ የተሻገረ ይመስለኛል። ቡና በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ አለ። ከእኩለ ቀን በኋላ ባይጠጡ እንቅልፍዎ በመጠኑ ሊመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ አድርገውም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣቱ፣ ሥራ መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ይልቁንም መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገዱን ታሳይዎታለች፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተልከው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያይዎት ይችላል። ጸበል መጠመቅዎን አይተዉ፤ መድኃኒቱንም በጸበሉ ምክንያት አይተዉ። ይህን ጉዳይ የሚነግሩት ለባለቤትዎ ወይም ለባለሙያዋ ይሁን፤ ደብዳቤውን ለሚጽፍልዎ ልጅ የሚጫን ሸክም አይደለም።

ገና እየመጣ ነው። ልጅዎ የሌለበት የመጀመሪያ በዓል ይሆናል፤ ቀኑ ድንገት እንዳይወርድብዎ ከወዲሁ ይዘጋጁበት። በማዕድ ላይ ስሙ ይነሣ። ባለቤትዎ በጉን ከማረዳቸው በፊት ሁለታችሁም ስሙን ጠርታችሁ መርቁት። የእሱን ድርሻ ሥጋ ደግሞ ለአንድ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይላኩላቸው፤ «ከልጄ ነው» ብለው ይላኩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በሁለቱ ጊዜ ያየሁት የሄደውን ልጅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ የጸሐፊውን እጅ አየሁ። «ታናሹ በርዶኝ ነው ብሎ ሊወስደው ሲል ተቆጣሁት» የሚለውን ቃል የጻፈው ያው ታናሹ ራሱ ነው። ቃሉን አልዘለለውም፣ አልለወጠውም፤ ተቆጣሁት ሲሉት ተቆጣሁት ብሎ ጻፈ። ወንድሙ የሄደበት እሱም ነው፤ ጎኑን የሚያሞቅለት ወንድም አጥቷል፤ የገብሱ አጨዳም የወንድሙ ድርሻ በእሱ ላይ ወድቋል። ከሄደው ልጅ ይልቅ የቀረው ልጅ እንደሚረሳ በቤታችን አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የቀረሁት እኔ ነበርኩና።

አንተ ጸሐፊው፣ ይህን መልስ ለእናትህ የምታነብላት አንተ ስለሆንክ ለአንተም አንድ ቃል ልጻፍ። ደብዳቤውን በጥሩ እጅ ጽፈኸዋል። ወንድምህ በመሄዱ ካዘንክ ወይም ከተናደድክ ለአባትህ ንገረው፤ ማጭዱን ሲስል አጠገቡ ተቀመጥ። አሁን የሚቀጥለውን ቀስ ብለህ አንብብላት።

እህቴ፣ ታኅሣሥ ነው፤ የመንዝ ውርጭ በሌሊት ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ባናው ታጥፎ መደቡ ላይ ቢቀመጥም ጠረኑ እየለቀቀው መሄዱ አይቀርም። ዛሬ ማታ ይዘርጉትና ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎትን ልጅ ያልብሱት። ወንድሙ ሲደውልም «ባናህን ለታናሽህ አልብሼዋለሁ» ብለው ይንገሩት።